ከንድፍ ደብተር ወደ ሙሉ ሥዕል፦ የሦስት ሥዕሎች አሠራር ለመምህሩ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት የተማሪዎች ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ ያለቁ ሥዕሎች ናቸው። መስመራቸው የጠራ፣ ቀለማቸው የሞላ፣ የሠሪው ስምና ክፍል በጥንቃቄ የተጻፈባቸው ናቸው። ሆኖም አንድ ጎብኚ ከነዚህ ሥዕሎች ፊት ቆሞ ተማሪው ምን አይቶ እንደ ሣለ፣ ምን ሞክሮ ምን እንደ ተወ፣ የትኛው ቦታ እንዳስቸገረው ለማወቅ ቢፈልግ ከሥዕሉ መልስ አያገኝም። መልሱ ያለው በመጀመሪያዎቹ ንድፎች ላይ ነው። እነዚያ ንድፎች ግን ወይ ከመጀመሪያውም አልተሠሩም፣ ወይም በላጲስ ጠፍተዋል፣ ወይም ተቀደው ተጥለዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በንድፍና ባለቀ ሥዕል መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ለምርመራው የተመረጡት ከመላው ዓለም በስፋት ከሚታወቁት ሥዕሎች ሦስቱ ናቸው። የተመረጡትም በዝናቸው ምክንያት ሳይሆን ንድፎቻቸው ከሥዕሎቹ ጋር ተጠብቀው ስለ ቆዩና የአሠራራቸውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ለመከታተል ስለሚያስችሉ ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ያለቀ ሥዕል ብርታቱንም ድካሙንም የሚወርሰው ከንድፉ ነው። ሠዓሊው አጥብቆ ያየው ነገር በሥዕሉ ላይ ጸንቶ ይቆማል፤ ሳያየው ያለፈው ነገር ደግሞ በቀለም ብዛት አይሸፈንም። ስለዚህ መምህር ባለቀ ሥዕል ላይ ሊፈርድ ይችላል፤ ሊያስተምር የሚችለው ግን ሥራው ገና በንድፍ ላይ ሳለ ነው።

1. ንድፍና የንድፍ ደብተር

ንድፍ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሰፊ አገልግሎት አለው። የቤት ንድፍ፣ የልብስ ንድፍ፣ የሥራ ንድፍ እንላለን። በሁሉም ውስጥ አንድ የጋራ ቁም ነገር ይገኛል፤ ይኸውም ንድፍ ከሥራው በፊት የሚመጣና ለመለወጥ ክፍት የሆነ ሐሳብ መሆኑ ነው። በሥዕል ረገድ ንድፍ በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ዓይን የሚያየውን ነገር እዚያው በቦታው መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ያዩትን ነገር ከትውስታ መልሶ መሣል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ገና ያልታየውንና ሠዓሊው በሐሳቡ ብቻ የያዘውን ቅንብር በወረቀት ላይ መፈተን ነው። የመጀመሪያው ዓይንን፣ ሁለተኛው ትውስታን፣ ሦስተኛው ፍርድን ያሠለጥናል።

የንድፍ ደብተር ማለት እነዚህ ሦስቱ የሚሠሩበት፣ ገጹም የማይቀደድበት መዝገብ ነው። ነጠላ ወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር ይጠፋል፤ በደብተር ላይ የተነደፈ ግን ትናንት የተሠራውን ዛሬ ከሚሠራው ጋር ለማስተያየት ይረዳል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ምሳሌዎች ከሦስቱ የንድፍ መንገዶች አንዳንዱን በተለይ አጉልተው የሚያሳዩ ናቸው።

2. ደላክሯ፦ ያዩትን መመዝገብ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤዤን ደላክሯ እ.ኤ.አ. በ1832 መጀመሪያ ወደ ሞሮኮ የሄደው የፈረንሳይ መንግሥት ወደ ሞሮኮው ሱልጣን ከላከው የመልእክተኞች ቡድን ጋር ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሠዓሊው በዚህ ጊዜ ሸራ ዘርግቶና የዘይት ቀለም በጥብጦ ለመሥራት ጊዜም ቦታም አልነበረውም። ስለሆነም በየመንገዱ በትናንሽ ደብተሮች ላይ በእርሳስ፣ በብዕርና በውሃ ቀለም ይነድፍ ነበር። ከነዚህ ደብተሮች እስከ ዛሬ የቆዩት በፓሪስ በሉቭር ሙዚየምና በሻንቲዪ ይገኛሉ።

በነዚህ ገጾች ላይ መምህር ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ልማድ አለ። ደላክሯ ከንድፉ ጎን ይጽፋል። ቀለም ለመቀባት ጊዜ ሲያጣ የቀለሙን ስም በቃል ያሰፍራል፤ የልብሱን ዓይነት፣ የብርሃኑን ሁኔታ፣ ቦታውንና ቀኑን ያስታውሳል። ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ እየተረዳዱ ይሄዳሉ። እጅ ያልደረሰበትን ቃል ይይዘዋል፤ ቃል ሊገልጸው የማይችለውን ደግሞ መስመር ይይዘዋል።

ደላክሯ በመመለሻው ላይ በጁን ወር መጨረሻ አልጀርስ ከተማ ጥቂት ቀናት ቆየ። በዚያም በአንድ ቤት የሴቶች ክፍል ገብቶ የማየት ዕድል እንዳገኘ ይነገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1834፣ በፓሪስ ለሕዝብ የቀረበው «የአልጀርስ ሴቶች በመኖሪያ ክፍላቸው» የተባለው ሥዕል ከዚያን ጊዜ ንድፎች ተነሥቶ የተሠራ ነው። ሥዕሉ 180 በ229 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዛሬ በሉቭር ይታያል። የደብተሮቹ አገልግሎትም በዚህ አላበቃም። ሠዓሊው የሞሮኮን ሱልጣን ከአጃቢዎቻቸው ጋር የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል በ1845 ሲሠራ ከጉዞው 13 ዓመት አልፎት ነበር፤ ሆኖም ደብተሮቹ ገና ይመግቡት ነበር።

የአልጀርሱ ሥዕል በጥንቃቄ ሲታይ ንድፉ የፈጸመው ሥራ በግልጽ ይነበባል። የልብሱ እጥፋት፣ የግድግዳው ጌጠኛ ሸክላ፣ ምንጣፉና ጌጣጌጡ ሁሉ ቤቱን ያየ ሰው የሣላቸው መሆናቸው አያጠራጥርም። በሌላ በኩል ግን ተቀምጠው የሚታዩት ሦስት ሴቶች በዝምታ የተዋጡ ናቸው። ምን እንደሚያስቡ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደ ነበር፣ በመካከላቸው ምን ዓይነት ዝምድና እንዳለ ሥዕሉ አይነግረንም። ይህ ጉድለት ከሠዓሊው እጅ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም፤ እጁ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀ ነበር። ደብተሩ የጥቂት ቀን እንግዳ ደብተር ነበርና እንግዳ የሚያየውን፣ ማለትም ልብስንና ዕቃን ያዘ። ቤተኛ ብቻ የሚያውቀውን አልያዘም፤ ያልያዘውንም ወደ ሸራው ሊያሸጋግር አልቻለም። ንድፍ የሠዓሊውን ዓይን ብርታት ብቻ ሳይሆን የቆመበትን ቦታ ጭምር እንደሚመሰክር ከዚህ እንረዳለን።

3. ቫን ጎህ፦ ክፍሎችን ማጥናትና በትውስታ ማቀናበር

ሁለተኛው ምሳሌ የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው የቪንሰንት ቫን ጎህ ሥራ ነው። ይህ ሠዓሊ ከ1883 መጨረሻ አንሥቶ ሁለት ዓመት ያህል ኑነን በምትባል የገጠር መንደር ኖሯል። በ1884 እና በ1885 መካከል በነበሩት የብርድ ወራት ገበሬዎችን እያስቀመጠ ራሳቸውን በቀለም ያጠና ነበር። በፓሪስ ለነበረው ወንድሙ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ 50 ያህል ራሶችን ለመሥራት ማቀዱን ገልጾለታል። ከራሶቹ ሌላ እጆችን ለብቻ፣ የቤት ዕቃዎችንም ለብቻ ነድፏል።

የዚህ ሁሉ ጥናት መድረሻ «ድንች ተመጋቢዎቹ» የተባለው ሥዕል ነበር። በመጀመሪያው የቀለም ጥናት ላይ በማዕዱ ዙሪያ የሚታዩት አራት ሰዎች ናቸው፤ በሁለተኛው አምስት ሆኑ። ሠዓሊው ከዚያ በኋላ ቅንብሩን በድንጋይ ላይ ከትውስታ ነድፎ አሳተመው። በድንጋይ ላይ የተነደፈ ነገር ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ስለሚሆን ኅትመቱ ተገልብጦ ወጣ። በመጨረሻም በኤፕሪልና በሜይ 1885 ዛሬ በአምስተርዳም በቫን ጎህ ሙዚየም የሚገኘውን፣ 82 በ114 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሸራ በአብዛኛው ከትውስታ ሠራው።

ቫን ጎህ የኅትመቱን አንድ ቅጂ ሠዓሊ ለሆነው ወዳጁ ለቫን ራፓርድ ላከለት። ራፓርድም የሰዎቹ አካል እውነትነት የጎደለው፣ ሥራውም በችኮላ የተሠራ መሆኑን ጠቅሶ በከረረ ቃል ነቀፈው። ቫን ጎህ እጅግ አዘነ፤ ብዙም ሳይቆይ ወዳጅነታቸው ተቋረጠ።

ይህን ነቀፌታ ዛሬ ከሥዕሉ ጋር ስናስተያየው ምን ፍርድ እንሰጣለን? በአንድ በኩል ፊቶቹና እጆቹ የማይረሱ ናቸው። በመብራቱ ሥር ወደ ድንቹ ሳሕን የሚዘረጉት እጆች ያንኑ ድንች ከመሬት የቆፈሩት እጆች መሆናቸውን ማንም ተመልካች ይረዳል፤ ሠዓሊውም ለወንድሙ ሲጽፍ ሊገልጸው ያሰበው ይህንኑ እንደ ነበር ተናግሯል። የቀለሙም ጥቁረት የቤቱንና የአፈሩን ጠባይ ያመጣል። በሌላ በኩል ግን አምስቱ ሰዎች አንድ ማዕድ ከበው ሳለ ዓይን ለዓይን አይገናኙም። አንዱ ሲያይ ሌላው ወደ ሌላ ያያል፤ የአንዳንዱም ትከሻና ክንድ ከወንበሩና ከገበታው ጋር በሚገባ አልተያያዘም። አንዳንድ ተመልካች ይህን መራራቅ የድህነት ብቸኝነት መግለጫ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ለዚህም አነባበብ ቦታ አለው። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ከአሠራሩ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ራሶቹ የተጠኑት አንድ በአንድ ነው። አንድ ላይ ተቀምጠው የሚመገቡ ሰዎች ግን የዚያን ያህል ተደጋግመው አልተነደፉም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተነደፈው ክፍል በረታ፤ ጥቂት ጊዜ የተነደፈው ግንኙነት ደከመ።

ከዚህ ታሪክ መምህር ሊወስደው የሚገባው ሌላ ትምህርትም አለ። የራፓርድ ነቀፌታ በከፊል እውነት ቢሆንም የደረሰው ሥራው ታትሞ ካበቃ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሠዓሊው ሊያደርግ የሚችለው ወይ መከላከል ወይም ማዘን ነበር። ያው አስተያየት በአራቱ ሰዎች ጥናት ላይ፣ ገና ሁሉም ነገር ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ፣ በለዘበ አንደበት ቢነገር ኖሮ ምናልባት ይጠቅም ነበር። ባለቀ የተማሪ ሥዕል ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎ የሚመልስ መምህርም ሳያስበው የራፓርድን ቦታ ይይዛል።

4. ፒካሶ፦ ሐሳብን በወረቀት ላይ መፈተን

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱ የሚለየው ሠዓሊው የሣለውን ነገር በዓይኑ አለማየቱ ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1937፣ የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጌርኒካ የተባለችውን የባስክ ከተማ ደበደቡ። ፓብሎ ፒካሶ በዚያን ጊዜ በፓሪስ ይኖር ነበር። በዚያው ዓመት በፓሪስ ለሚደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ለስፔን ሪፐብሊክ አዳራሽ የሚሆን ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ አስቀድሞ ተጠይቆ ነበር፤ የሚሠራው ነገር ግን ገና አልተቆረጠለትም ነበር። የድብደባው ወሬ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሜይ 1 ቀን፣ የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ጀመረ። ሥዕሉ በጁን መጀመሪያ ላይ ተፈጸመ። ቁመቱ 349፣ ስፋቱ 776 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ1981 በፊት ለብዙ ዓመታት በኒው ዮርክ ቆይቶ ወደ ስፔን ተመልሷል፤ ከ1992 ወዲህ በማድሪድ በሬይና ሶፊያ ሙዚየም ይገኛል።

ፒካሶ ለዚህ ሥራ የተጠቀመው በነጠላ ወረቀቶች ቢሆንም በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን ጽፏል። 45 ያህል ንድፎች ተጠብቀዋል። ሸራው ራሱም እየተለወጠ ሲሄድ ዶራ ማር የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ በየደረጃው አንሥታዋለች። ስለሆነም አንድ ሥዕል ከመነሻው እስከ መድረሻው የሄደበትን መንገድ ይህን ያህል በዝርዝር ለመከታተል የሚቻልበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም። ሩዶልፍ አርንሃይም የተባለው የሥነ ልቡናና የሥነ ጥበብ ምሁርም ይህንኑ የአሠራር ሂደት የሚመረምር መጽሐፍ በ1962 አሳትሟል።

ከመዝገቡ የምንረዳው የመጀመሪያው ነገር በሬው፣ ፈረሱና መብራት የያዘችው ሴት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኖራቸው ነው። ዋናው ሐሳብ ቶሎ መጥቷል። ነገር ግን ሐሳቡ ቦታውንና መልኩን ያገኘው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው። በሜይ 1 ቀን ከተሠሩት ንድፎች በአንዱ ላይ ከፈረሱ ቁስል አንዲት ትንሽ ባለክንፍ ፈረስ ስትወጣ ትታያለች፤ ይህች ምስል ወደ ሸራው አልደረሰችም። በዚያው ሰሞን ፈረሱን ልክ ሕፃን ልጅ እንደሚሥል አድርጎ በጥቂት የተንጋደዱ መስመሮች ነድፎታል። የ55 ዓመት ዕድሜ የነበረው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በተፈጥሮ አሣሣል የተካነው ሰው እንደ ሕፃን የነደፈው አለመቻሉን ለማሳየት አልነበረም። ሥቃይን የሚገልጸውን መስመር ሲፈልግ ለእጁ ልማድ ላለመገዛት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የሞተ ልጅዋን የታቀፈችው እናት በንድፎቹ ላይ የመጣችው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ነው። በአንዳንዱ ንድፍ ላይ በመሰላል ላይ ሆና ትታያለች። በመጨረሻው ሥዕል ግን መሰላሉ ቀርቶ እናቲቱ ከበሬው ሥር ተቀምጣለች። ሠዓሊው ሸራውን ከጀመረ በኋላም መንደፉን አላቆመም። በመጀመሪያው የሸራ ደረጃ የወደቀው ወታደር ጡጫውን ጨብጦ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ነበር። ቀጥሎ በጡጫው ዙሪያ ፀሐይ ተሣለ፤ በእጁም የሰብል ነዶ ያዘ። በኋላ ግን ክንዱ ጨርሶ ጠፋ፤ በሬውም አካሉን አዞረ፤ አንገቱን አቀርቅሮ የነበረው ፈረስ ራሱን ወደ ላይ አነሣ። ሠዓሊው ባለጌጥ የግድግዳ ወረቀት ቆራርጦ በሸራው ላይ ሞክሮ አንሥቶታል።

እዚህ ላይ የሃያሲው ጥያቄ ለውጦቹ ሥዕሉን አሻሽለውታል ወይስ አልለወጡትም የሚለው ነው። የተዘረጋው ጡጫ ትርጉሙ ቶሎ የሚገባ፣ በዘመኑም በየአደባባዩ የሚታይ ምልክት ነበር። ቢቀር ኖሮ ሥዕሉ መፈክር በሆነ ነበር፤ ተመልካችም አንብቦት ባለፈ ነበር። ጡጫው ሲነሣ የመካከሉን ቦታ የፈረሱ ጩኸት ወሰደው። ያን ጊዜ ሥዕሉ ስለ ሥቃዩ ራሱ የሚናገር ሆነ። ይህ ውሳኔ ከመጀመሪያው ቀን ሊወሰድ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ጡጫው ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝና ምን እንደሚሸፍን የታወቀው ከተሣለ በኋላ ነው። ሠዓሊው የሚጥለውን ነገር ለማወቅ አስቀድሞ መሣል ነበረበት። የንድፍ ዋና ጥቅም በዚህ ላይ ይገኛል።

5. በአገራችን፦ ቅጂና ምልከታ

ከላይ የተጠቀሱት ምሳሌዎች ከሌላ አገር ይሁኑ እንጂ ንድፍ ለአገራችን ሠዓሊ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ምስሉን በመስመር ይነድፋሉ። የምስሎቹ አቀማመጥ ሥርዓት አለው፤ ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች በጎን ፊት የሚሣሉበት ልማድ ለዚህ ምሳሌ ነው። ደቀ መዝሙሩ የሚማረው የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነበር። ይህ ቅጂ ግን ዓላማ ነበረው። ደቀ መዝሙሩ ከመስመሩ ጋር ሥርዓቱን፣ ከሥርዓቱም ጋር ትርጉሙን ይቀበል ነበር።

በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚታየው ቅጂ ከዚህ የተለየ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍና ከተራራ በስተኋላ የምትወጣ ፀሐይ ይሥላል፤ ተማሪዎችም ያንኑ ይገለብጣሉ። በደጋ የሚኖረውም ልጅ፣ በቆላ የሚኖረውም ልጅ ያው ጎጆ ይሥላል። እዚህ የሚተላለፍ ሥርዓትም ሆነ ትርጉም የለም፤ ልጁም በመስኮት አሻግሮ የሚያየውን የራሱን መንደር እንዲያይ አልተጠየቀም። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሪነት የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓሊዎችን አፍርቷል። ነገር ግን ወደዚያ የሚደርሰው ተማሪ ከጠቅላላው ተማሪ እጅግ ጥቂቱ ነው። የማየትን ልማድ ለቀረው ሁሉ የሚሰጥ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው።

ጉዳዩ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍትን ሥዕሎች የሚመለከት ስለሆነ የትምህርት ባለሙያዎችንና ዕቅድ አውጪዎችንም ይነካል። ለምሳሌ ያህል የበሬ እርሻን የሚያሳይ ሥዕል እንውሰድ። ማረሻው መሬቱን የሚሰነጥቀው ብረት ነው። ድግሮቹ በግራና በቀኝ ሆነው አፈሩን የሚገፉ እንጨቶች ናቸው። እርፉን ገበሬው ይይዛል፤ ሞፈሩ ከማረሻው ተነሥቶ በሁለቱ በሬዎች መካከል እስከ ቀንበሩ ይዘልቃል። ሠዓሊው ይህን ከሌላ መጽሐፍ ሥዕል ቢገለብጥ ድግሩን ሊረሳው፣ ሞፈሩንም በአንዱ በሬ ጎን ሊያሳልፈው ይችላል። በከተማ ያደገ አንባቢ ስሕተቱን ላያየው ይችል ይሆናል። የገበሬ ልጅ ግን ከመምህሩ ቀድሞ ያየዋል፤ የሚያውቀውን ነገር አሳስቶ የሚያሳየው መጽሐፍ የማያውቀውን ነገር በትክክል እንደሚነግረው ለማመን ይቸገራል።

ትክክለኛው መንገድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሠዓሊው ደብተሩን ይዞ ወደ እርሻ ይወጣል። በአንደኛው ገጽ ገበሬውን፣ በሬዎቹንና መሣሪያውን በሙሉ በጥቂት መስመር ይይዛል። በሁለተኛው ገጽ ሞፈሩ ከቀንበሩ፣ ድግሩም ከማረሻው የሚያያዙበትን ቦታ አቅርቦ ይነድፋል፤ የየክፍሉንም ስም ከገበሬው ጠይቆ ከጎኑ ይጽፋል። በሦስተኛው ገጽ ገበሬው እርፉን ሲጫን ወገቡና ክንዱ የሚይዙትን መልክ ያጠናል። ወደ ሥራ ቦታው ሲመለስ ከነዚህ ገጾች አንድ ቅንብር ያወጣል፤ ለትምህርቱ የማያስፈልገውን ተራራና ደመና ይተዋል። በመጨረሻም ሥዕሉ በማተሚያ ቤት ሲያንስ ቀጭን መስመር እንደሚጠፋ አስቦ የመስመሩን ውፍረት ይወስናል። በዚህ መንገድ የተሠራ ሥዕል አርታኢውም ሆነ መምህሩ ጥያቄ ቢያነሡ ወደ ደብተሩ ተመልሶ ማረም ይቻላል።

6. በክፍል ውስጥ ምን ሊደረግ ይችላል?

የሥዕል ትምህርት ለብቻው ይሰጥ ወይም ከሙዚቃና ከቴአትር ጋር ተቀናጅቶ የክወናና የእይታ ጥበባት በሚል ስም ይሰጥ፣ የንድፍን ደብተር በሥራ ላይ ለማዋል የሚከተሉት ነጥቦች ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ሀ) እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የንድፍ ደብተር ይኑረው። ልዩ ወረቀት አያስፈልግም፤ በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተሰብስበው ቢሰፉ ይበቃሉ።

ለ) በየገጹ ላይ ቀንና ቦታ ይጻፍ። ገጽ አይቀደድ፤ በንድፍ ጊዜ ላጲስ አይሠራበት። የተሳሳተ መስመር ከትክክለኛው ጎን ሲቆይ ተማሪው ራሱን የሚያርምበት ማስረጃ ይሆነዋል።

ሐ) ማናቸውም ያለቀ ሥዕል ከመሠራቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ንድፎች ይቅደሙት፤ አንድ ከምልከታ፣ አንድ ከትውስታ፣ አንድ ለቅንብር።

መ) መምህሩ አስተያየቱን በንድፉ ደረጃ ይስጥ። «ጥሩ ነው» ወይም «ደካማ ነው» ከማለት ይልቅ «ይህ እንስራ በምን ላይ ነው የተቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ ተማሪውን ወደ ዕቃው መልሶ ይልከዋል።

ሠ) ከሥዕል ነጥብ ቢያንስ ግማሹ ለደብተሩ ይሰጥ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የተማሪው ብዛት ነው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል መምህሩ በየሳምንቱ ሁሉንም ደብተር ሊያይ አይችልም። ነገር ግን በሳምንት አሥር ደብተር ቢመለከት በስድስት ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳል፤ ደብተሩ ቀን የተጻፈበት ስለሆነ ያልታየው ሳምንት ሥራ አይጠፋም። ሁለተኛው ተቃውሞ ልጆች አስቀድመው የእጅ ሙያ ይልመዱ የሚል ነው። የእጅ ሙያ አስፈላጊነቱ አይካድም፤ ይሁንና የሚዳብረው ብዙ በመንደፍ ነው። በወር አንድ ያለቀ ሥዕል ብቻ የሚሠራ ልጅ እጁ የሚሠለጥንበት ጊዜ አያገኝም።

ከሁለቱ ተቃውሞዎች ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ አደጋ ነው። ነጥብ የሚሰጥበት ነገር ሁሉ ለነጥብ ሲባል መሠራት ይጀምራል። ተማሪው ያለቀውን ሥዕል ከሠራ በኋላ ሦስት ንድፎችን ወደ ኋላ ፈጥሮ፣ ደብተሩን አስውቦ ሊያቀርብ ይችላል። ያን ጊዜ ደብተሩ ሌላ የግድግዳ ሥዕል ሆኗል ማለት ነው። መድኃኒቱ መምህሩ ለንጽሕናው ሳይሆን ለለውጡ ዋጋ መስጠቱ ነው። በአንደኛውና በሦስተኛው ንድፍ መካከል ምንም ልዩነት ከሌለ ደብተሩ ቢያምርም ሥራው አልተሠራም። በአንጻሩ ገጹ የተዝረከረከ ሆኖ ተማሪው ምን እንደ ተወና ለምን እንደ ተወው መናገር ከቻለ የትምህርቱ ዓላማ ግቡን መትቷል።

መደምደሚያ

የሦስቱ ሠዓሊዎች አሠራር እርስ በርሱ አይመሳሰልም። ደላክሯ ከጉዞ የያዘውን ለዓመታት አስቀምጦ ተጠቀመበት፤ ቫን ጎህ ክፍሎችን አጥንቶ በትውስታ አገናኛቸው፤ ፒካሶ የሣለውን እየጣለ ወደሚፈልገው ደረሰ። ሦስቱም ከተሟላ ሐሳብ አልተነሡም። የሥዕሎቻቸውም ጉድለት ቢሆን ዓይናቸው ባልደረሰበት ቦታ ላይ ተገኘ። በእጃችን የሚያልፉት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሠዓሊ አይሆኑም። ገበሬ፣ ነርስ፣ መካኒክ፣ መምህር ይሆናሉ። ነገር ግን አንድን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ማየት፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደ መጨረሻ አለመቁጠር፣ የተሳሳቱበትን ቦታ ሳይደብቁ ማረም ለሁሉም የሚያስፈልጋቸው ነው። ይህን ልማድ በሌላ ትምህርት ለማሳየት ብዙ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ በንድፍ ደብተር ላይ ግን መምህሩ ገጽ ገልጦ በጣቱ ሊያመለክተው ይችላል።